የማጥፊያው ገመድ

ወሬውን ያመጣላት ጎማ ሠሪው ነው። ጎማ ሠሪው ሲፈጥረው ነገር በሆዱ አያድርም፤ ከሰማበት ቦታ ተነስቶ እጁን እንኳ ሳይጠርግ ጋራዧ ድረስ መጣ።

«ካቻቢቴ፣ አባትሽ ዛሬ እኔ ጋ ተቀምጦ ሲያነሳሽ ሲጥልሽ ዋለ» አላት።

በዚህ ስም የሚጠራት ሠፈሩ በሙሉ ነው። በልጅነቷ ካቻቢቴ ይዛ ትተኛ ነበር ይላሉ።

«ምን አለ?»

«ልጄ የገጠመችው ቱርቦ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሠራ ተቃጠለ አለ። የሴት እጅና ብረት አይስማሙም መሰለኝ ብሎ ሳቀ። የድንጋይ ካባው አለቃም ነበር።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«እኔማ ዝም አልኩ።»

«አንተ ዝም ካልክ የተቃጠለው ቱርቦው ብቻ አይደለም፤ ምላስህም ነው» አለችና ፊቷን ወደ ሥራዋ መለሰች። እጇ ግን ቡሎኑን ስቶ ጣቷ ተላጠ።

መኪናው ያባቷ ነው። በዕድሜ እሷን የሚበልጥ፣ አፍንጫው የረዘመ አሮጌ የጭነት መኪና። ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ ወደ ጫፉ ማራገፊያ የሚያወጣው ዳገት መንገድ ብሎ ለመጥራት የሚያሳፍር ነው፤ ጭቃና ኮረት፣ ከዚያ ደግሞ ጭቃ። መኪናው እዚያ ላይ እያቃሰተ የሌሎቹን መንገድ ስለሚዘጋ አለቃው «በቃዎት ጋሼ» ብሎ አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ አባቷ ግቢ ውስጥ እየተንጎራደደ ቤተሰቡን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣ። «ሞተሩን አውርጄ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ፤ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ እገጥምለታለሁ» ያለችው እሷ ናት። ማንም አልለመናትም።

ክረምቱን ሙሉ ሠራችው። ሲሊንደሮቹን አስሞረደች፤ ያለቁትን የፒስቶን ፋሻና የዘንግ ብሮንዚና ቀየረች። ቱርቦው የሚግተው አየር ሲጨመርበት ሞተሩ በገዛ ጭመቃው እንዳይጎዳ፣ አናታቸው ጎድጎድ ያለ ፒስቶኖች አፈላልጋ አስገባች። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ በወፈሩ ቡሎኖች አሰረችው። በመጨረሻም ቀንድ አውጣ የመሰለውን ቱርቦ ከጭስ ማውጫው ጋር ገጠመችው። መኪናው ድንጋይ ተጭኖ ዳገቱን ሲወጣ አለቃው ባይኑ አየ፤ የካባውን አሮጌ መኪኖች በሙሉ እንደዚያ አድርጋ እንድትሠራለት ነገራት። ይህ ሥራ ጋራዧን ያቆመው ነበር። ካልሆነ ደግሞ ከጋራዥ ጋራዥ እየዞረ ሲሳለቅባት ወደ ነበረው የድሮ አሠሪዋ ተመልሳ መፍቻ ቺያቬ ማቀበል ነው። ቱርቦው የተቃጠለ ዕለት አለቃው ሰላምታዋን እንኳ በግማሽ አፉ መለሰ።

ቱርቦውን ስትፈታው ዘንጉ አልዞር አለ። ዘይቱ ዘንጉ ላይ አርሮ ከሰል ሆኗል። መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሷን ነው። ዘይት የሚያመጣውን ቱቦ አውርዳ በአፏ ነፋችው፤ ንጹሕ ነው። መመለሻውን አየች፤ አልታጠፈም። ማጣሪያውን ቀድዳ አየችው። ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና እያንዳንዷን ቡሎን ባሳቧ ፈትታ መልሳ ታስር ነበር፤ የረሳሁት ነገር ይኖር ይሆን እያለች። ምንም አላገኘችም። እንዲህ የሚያርር ዘይት የቆመ ዘይት ብቻ ነው። ዳገት ወጥቶ የቀላ ቱርቦ ሞተሩ ድንገት ሲጠፋ ዘይቱ መዞሩን ያቆማል፤ ባለበት ይጠበሳል።

«አባዬ፣ ላይ ስትደርስ ሞተሩን ሳታጠፋ በሚኒሞ ትንሽ ታቆየዋለህ አይደል? እንደነገርኩህ?»

«እንዴታ» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከራዲዮው ሳያነሳ።

ከተጋጨ መኪና ላይ ሌላ ቱርቦ ፈትታ አመጣች። ገጠመችው። በነጋታው ሳትጠራ ጋቢና ውስጥ ገብታ ጎኑ ተቀመጠች።

«ወዴት ነው?»

«ካንተ ጋ።»

ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ ጥሩ አድርጎ ጮኸ። ቱርቦው እያፏጨ ነው፤ ጎማዎቹ ጭቃውን እየበተኑ፣ ፍንጣሪው መስተዋቱን እየመታ። ንዴቷ ለአፍታ ተረሳት። ጫፍ ላይ ሊደርሱ ሲሉ ግን የአባቷ እጅ ከመሪው ሥር ገባ። የማጥፊያውን ገመድ ይዞ ሳበ። ሞተሩ ጭጭ አለ። መኪናው በራሱ ጉልበት፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ተንሸራቶ ሾፌሮቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከሚጠብቁበት ፊት ለፊት ልክ ቦታው ላይ ቆመ። አንዱ ሾፌር አጨበጨበ።

በዚያ ካባ ሾፌር የሚመሰገነው በዚህ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፍሬን ሳይጨርስ፣ እንደ ድመት ተሽሎክልኮ ቦታው ላይ የሚያቆም እሱ ሾፌር ይባላል። አባቷ በዚህ ስሙ የወጣ ነው። እሱ ጡረታ የሚወጣበት ዕድሜ ላይ ደርሶ እንኳ ወጣቶቹ አልቻሉትም።

«በል አስነሳው» አለችው።

«አሁን ደርሰን?»

«አስነሳው አልኩህ። አሁኑኑ።»

ድምፅዋን ሰምቶ አስነሳው።

«እንዴታ አላልከኝም?»

«ይኼን መኪና አንቺ ሳትወለጂ ነው የነዳሁት። እንዴት እንደሚቆም አታስተምሪኝም።»

«ያኔ ቱርቦ አልነበረውም። አንተ ለማን ነው የምታሳየው? ለነዚህ? አንድ ጭብጨባ ፈልገህ እኔን አቃጠልከኝ።»

«ዕቃው እኮ ነው የተቃጠለው፤ አንቺ ምን ሆንሽ?»

እሷ ከመሪው ሥር የተንጠለጠለውን ገመድ አየችው።

በዚያው ቀን ገመዱን ነቀለችው። ከመሪው ሥር የነበረውን የገመዱን እጀታ አወጣችና ቀዳዳው እንዳለ ቀረ። የማጥፊያውን ዘንግ የሞተሩ ኮፈን ሥር፣ የነዳጅ ፖምፓው ላይ ተወችው። ሞተሩን ለማጥፋት የፈለገ ሰው መውረድ፣ መዞር፣ ከባዱን ኮፈን ማንሳትና እጁን ማስገባት አለበት።

አባቷ ቀዳዳውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ልጅ አደረግሽኝ።»

«ልጅ ብትሆንማ ትሰማኝ ነበር።»

ቀጥሎ ሲወጡ መኪናው ሙሉ ጭነት ነበረው። አለቃው ራሱ ጫፉ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ ይህን ካልወጣ ወይ ካቃጠለ ሌላ ዕድል እንደሌለ ለጎማ ሠሪው ነግሮታል፤ ለጎማ ሠሪው መንገር ደግሞ ለሁሉም መንገር ነው። መኪናው ያለ ምንም ጣር ወጣ። ጥላው ጋ ሲደርሱ የአባቷ እጅ በልማዱ ሄዶ ባዶውን ቀዳዳ ዳሰሰ። መኪናው እያጓራ ገባ፤ እያጓራም ቆመ። ሾፌሮቹ ተያዩ። ያ ያጨበጨበው «ሽማግሌው ደከመው» ሲል ሁለቱም ሰሙት።

አለቃው ወደ መስኮቱ ቀረበ። «ጋሼ፣ አያጠፉትም እንዴ?»

አባቷ ቀዳዳውን በመዳፉ ሸፈነ። «ማጥፊያው ተበላሽቷል» አለ። «ልጅቷ ስትነካካው።»

እሷ በሩን ከፍታ ወረደች። ዞራ አለቃው ፊት ቆመች። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም፤ ግን ለዚህ ሁሉ ሰው እንባዋን አላሳይም አለች።

«አልተበላሸም። ሆን ብዬ የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ከሞተሩ በላይ ለመሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ዳገት የወጣ ቱርቦ ሳይቀዘቅዝ አይጠፋም። ነግሬዋለሁ። የመጀመሪያውን ያቃጠለው ራሱ ነው፤ እዚህ እናንተ ፊት ተንሸራቶ ለመቆም ብሎ። ከዚያ ወርዶ በእጄ ሥራ ሳቀ።»

አለቃው ጋቢናው ውስጥ ወዳለው ሰውዬ አየ። አባቷ መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን ያይ ነበር፤ ጆሮው ቀልቷል። ክዶ ቢናገር የሚያምነው ሰው እንዳለ እሷም ታውቃለች፤ በዚህ ካባ የሱ ቃል ከሷ ቃል ይከብዳል።

በሩ ተከፈተ። ቀስ ብሎ ወረደ፤ ጉልበቱን ያመዋል። ኮፈኑን አነሳና አለቃውን ሳያይ «እውነቷን ነው» አለ። እጁን ወደ ማጥፊያው ዘንግ አስገብቶ እዚያው ያዘው፤ አልሳበውም።

አለቃው ቆቡን ገፋ አድርጎ ራሱን አከከ። «ሰኞ ሁለቱን አሮጌዎች አመጣልሻለሁ» አላት። «ማጥፊያቸውን ግን እንዳለ ተይው።»

«ሾፌሮችህን አይቼ ነዋ» አለችው።

ሾፌሮቹ ቀስ በቀስ ወደየሥራቸው ተበተኑ። ጫኞቹ ድንጋዩን ማራገፍ ጀመሩ። አባትና ልጅ የተከፈተው ኮፈን ሥር ጎን ለጎን ቆሙ፤ የሞተሩ ሙቀት ፊታቸውን ይገርፋል። ብዙ ቆዩ።

«ይበቃዋል?» አለ አባቷ።

እጇን ቱርቦው አጠገብ አስጠጋች። ቀልቶ የነበረው ብረት ከጠቆረ ቆይቷል፤ የሚኒሞው ድምፅም እንደሚፈለገው ለስልሷል።

«ገና ነው» አለች፣ እንደበቃው እያወቀች።

አባቷ እጁን ከዘንጉ ላይ ሳያነሳ ቆሞ ጠበቀ።