ቀዳዳው ስልቻ

ሐምሌ ገብቶ የእቴናት ማሳ ገና አልተዘራም። በአምበር ዙሪያ ያለው እርሻ ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ የእሷ ብቻ አፈሩን እንዳሰጣ ቀረ። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም አያ አለበል ድንበሩ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ምነው እቴናት፣ ዘሩን ለመስቀል አቆየሽው?»

«አረሙ ይቅደም ብዬ ነው፣ አያ አለበል።»

«ወይ ጉድ! እንግዳ አክባሪ!»

አምና ስናር የሚባለው አረም ስንዴዋን ውጦት ነበር። ዘንድሮ በመጀመሪያው ዝናብ እንዲበቅል ተወችውና ወንድሟ ክንዴ ገለበጠው። ዳግም በቀለ፤ ዳግም ገለበጠው። አያ አለበል ግን መሬቱን ለእኩል፣ አርሰው ምርቱን ሊካፈሉ፣ ይፈልጉታል። መሬቷን አንዴ ለእኩል የሰጠች ባል የሌላት ሴት መልሳ እንደማትይዘው ደግሞ እቴናት ታውቃለች።

የምታውቀው ሌላም ነገር ነበር። አምና የዘራው ባሏ ነው፤ መከሩን ለማየት አልደረሰም። የያዘው ስልቻ ከታች ተቀዶ ኖሮ በአጥሩ ጥግ ዘሩን እያፈሰሰ ሄዷል። ብቻዋን ስታርም እዚያ ስትደርስ የሚነቀል አጣች። ስንዴው ከመጠቅጠቁ የተነሳ አረም ፀሐይ የሚያይበት ክፍተት አልነበረም። ለማንም አልተናገረችም።

በዘሩ ቀን ክንዴ ትልሙን ጠበብ ጠበብ አድርጎ ሲያወጣ እሷ ከኋላ እየተከተለች ዘሩን አበዛችው።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ዘር ነው! ምነው እንዲህ አበዛሽው?»

«አንተ ዝም ብለህ እረስ።»

አያ አለበል ይህንን ሲያዩ በሰው ፊት ተናገሩ። «ወንፈሉ በአንድ ቀን አርሞ ካልጨረሰው፣ ለከርሞ ለእኩል ትሰጪኛለሽ።»

እቴናትም «ይሁን» አለች።

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ተራዋ ደረሰ። ማሳቸውን ስታርም የከረመችላቸው አሥራ አንድ የወንፈል ጓደኞቿ በጧት መጥተው ጎንበስ አሉ። ዘፈን ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ።

«ኧረ እናንተ፣ የምነቅለው አጣሁ!» ብላ ጮኸች ወለተ ሰንበት፣ ከሁሉም አፈኛዋ።

«የአያ አለበልን ጺም ንቀያ!» አላት ክንዴ።

ማሳው በሳቅ ተናወጠ። ረፋድ ላይ ሥራው አለቀ፤ የተነቀለው ተሰብስቦ ለአንዲት ጥጃ አይበቃም። እቴናት ቀና ብላ ስንዴዋን አየችው።

«የቀን ሙሉ ምግብ አሰናድተሽ፣ ሳንሠራ ልንበላ ነው? አፍረን እንሞታለን!» አለች ወለተ ሰንበት።

እቴናት ከድንበሩ ወዲያ ተመለከተች። የአያ አለበል ስናር ከስንዴያቸው በላይ ይወዛወዛል። «የነገው ተራ የእሳቸው አይደል? ዛሬውኑ እንግባበት።»

ወለተ ሰንበት እየዘፈነች ቀደመች።

«አረም ከእቴናት ደጅ ቦታ አጥቶ ዞረ፣
ከአያ አለበል ማሳ ገብቶ ተከበረ!»

ማሳቸው ዳር የቆሙት አያ አለበል ከሁሉም በላይ ሳቁ። ማታውን ግን የጠላ ዋንጫቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ።

«መሬትሽን ያዢ፤ ተሸንፌያለሁ። ግን ማን አስተማረሽ?»

የስልቻውን ነገር ነገረቻቸው። ወንድማቸው ነውና ዋንጫቸውን ጨልጠው አስቀመጡት።

«ለከርሞ ያንን ስልቻ አውሺኛ» አሉ።

«ስልቻውን አላውስም፣ አያ አለበል።» ዋንጫቸውን ሞላችላቸው። «ለዘሩ ግን እኔው ራሴ እመጣልዎታለሁ።»