በአንድ እጅ የተቃና ፍሬን

ነርሷ የፈነዳውን የፊት ጎማ ራሷ ለጥፋ ከመለሰችው ወዲህ ሳይክሏ ጠላቷ ሆነ። ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር ከፊት በኩል እሽ፣ እሽ የሚል ድምፅ ይከተላታል፤ ሜዳው ሁሉ ዳገት ይሆንባታል። ክሊኒክ የምትደርሰው ላብ በላብ ሆና ነው፤ አንዳንድ በሽተኛም «አንቺንስ ማን ያክምሽ?» እያለ ይቀልድባት ጀመር። ባሏ ጭነት ይዞ ሩቅ መንገድ ከመውጣቱ በፊት፣ ስመለስ መካኒክ ጋ እወስደዋለሁ ብሏት ነበር። እሷ ግን እስከዚያ የምትቆይበት ትዕግሥትም ጉልበትም አልነበራትም።

እሁድ ጠዋት ሳይክሉን በረንዳ ላይ አቁማ፣ የቡሎን መፍቻ ቁልፍ ይዛ ገጠመችው። መጀመሪያ ፍሬኑን የሚስበውን ካቦ አላላችው። ድምፁ ጠፋ፤ ፍሬኑም አብሮ ጠፋ። እጀታውን እስከ መጨረሻው ብትጨብጠው ጎማው ደንታም አልሰጠው። መልሳ ብታጠብቀው ድምፁ ተመለሰ። ቢቸግራት ፍሬኑን ራሱን ይዛ በጉልበት ወደ ጎን ጠመዘዘችው፤ ለአፍታ የዳነ መስሎ እንደገና እሽ አለ።

አማቷ፣ የባሏ አባት፣ ይህን ሁሉ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ሆነው ያያሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ከጆሮ ግንድ እስከ ማጅራት የሚያወርዱት መስመር ውልፍት ስለማይል ሰፈሩ «መስመር» ብሎ ነበር የሚጠራቸው። በሽታ ግራ እጃቸውን ካሰነፈውና አንደበታቸውን ካጎተተው ወዲህ ሱቃቸውን ዘግተው ልጃቸው ቤት ገብተዋል። እዚህ በመጡ ሰሞን ብርጭቆ ከእጃቸው ወድቆ ተሰበረ። ማንም ምንም አላላቸውም፤ እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ የቤቱን ዕቃ በዓይናቸው እንጂ በእጃቸው አይነኩም።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እስቲ እኔ ልየው።»

ነርሷ ጭንቅ ያዛት። ሰጥታቸው ቢያቅታቸው ያንን ወንበር ዳግመኛ የሚለቁት አልመሰላትም። መከልከሉ ደግሞ የባሰ ነው። ቁልፉን አቀበለቻቸው።

ሳይክል ጠግነው እንደማያውቁ አልደበቁም። በርጩማ ላይ ተቀመጡና ቁልፉን መሬት አስቀምጠው ማየት ጀመሩ። አዲስ ደንበኛ መስታወት ፊት ሲቀመጥላቸው እንደሚያደርጉት፣ አንገታቸውን ዘንበል፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩ። ጎማውን በጣታቸው ገፋ አድርገው አሽከረከሩት፤ እስኪቆም ሰሙት፤ ደግመው ገፉት። ነርሷ እዚህ ጋ ነው፣ እዚያ ጋ ነው ልትል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ከንፈሯን ነከሰች።

«ፍሬኑን ተይው» አሉ በመጨረሻ። «ጎማው ነው አንገቱን የጣለው።»

እውነታቸውን ነው። በጎማውና ጎማውን በያዘው ሹካ መካከል፣ በቀኝ በኩል አውራ ጣት ይገባል፤ በግራ እርሳስ እንኳ አያልፍም። ነርሷ ጎማውን ስትመልስ አጣማ ኖሯል ያሰረችው። አፈረች። እሳቸው ግን የነቀፌታ ቃል አልወጣቸውም፤ እኔስ የተማርኩት የስንቱን ሰው ጆሮ ጨረፍ እያደረግኩ አይደል ብለው ብቻ አለፉት።

ጎማውን ከሹካው ጋር ያሰሩትን ሁለት ዳዶዎች አላልተው ተነሡና በደረታቸው መሪው ላይ ተጫኑ። ጎማው ቀጥ ብሎ ቦታው ገባ። ተመልሰው ተቀምጠው አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ፣ ጥቂት በጥቂት አጠበቁት። ችግሩ ግን አላለቀም። ነርሷ የጠመዘዘችው ፍሬን ለጠማማው ጎማ እንጂ ለቀጥታው ልክ ስላልነበረ፣ አሁን በሌላው ወገን ይፈትግ ጀመር።

ሽማግሌው አሰቡ። ፍሬኑን ከሹካው ጋር ያሰረው ቡሎን ላልቶ እጀታው ቢጨበጥ፣ ሁለቱ የፍሬን ላስቲኮች የጎማውን ክብ ብረት፣ ቸርኬውን፣ ከግራና ከቀኝ ነክሰው መሐሉን ራሳቸው ያገኙታል፤ ያን ጊዜ ቡሎኑን ማጥበቅ ነው። ይሁንና ለዚህ እጀታውን የሚጨብጥ አንድ እጅ፣ ቁልፉን የሚያዞር ሌላ እጅ ያስፈልጋል። ነርሷ ሳይታወቃት እጇን ሰደደች።

«እኔ ልያዝልዎት አባባ?»

«የለም። አንቺ ቁጭ በይ።»

ቀበቶአቸውን ፈቱ። በቀኝ እጃቸው ብቻ እጀታውንና መሪውን አንድ ላይ ጠመጠሙበት፤ ጫፉን በጥርሳቸው ስበው፣ ዘለበቱን በአውራ ጣታቸው ገፍተው ቆለፉት። ዓይን እስኪርገበገብ ነበር የጨረሱት። ነርሷ በሥራዋ እጃቸው የሰነፈባቸውን ብዙ ሰዎች አይታለች፤ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ግን አላየችም። ያኔ ነው የታሰባት። ባሏ ከሄደ ወዲህ ማንም አላለበሳቸውም፤ እሳቸው ግን አንድም ጠዋት ሳይታጠቁ ከክፍላቸው ወጥተው አያውቁም። በተዘጋው በር ኋላ ስንቴ ሞክረው፣ ስንቴ አቅቷቸው፣ ስንቴ እንደገና ጀምረው ይሆን? እሷ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ይታጠቃሉ ብላ አልጠየቀችም።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ቀበቶው ላላና ቡሎኑ ሲጠብቅ ፍሬኑ አብሮ ዞረ። ሽማግሌው አላማረሩም፣ ዞር ብለውም አላዩአትም። ሁሉንም ከሥሩ ፈቱና ቀበቶውን ሁለት ዙር አድርገው አሰሩት። ቡሎኑን እያዩ፣ እየተዉ፣ እንደገና እያዩ አጠበቁ። ቀበቶው ሲፈታ ሁለቱ ላስቲኮች ከቸርኬው እኩል ርቀው ቆሙ። ጎማውን ገፉት። ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ፣ ዞረ፣ አልቆም አለ።

«አንድ እጅ አያጨበጭብም ይላሉ» አሉ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ። «ፍሬን አያቃናም ግን አላሉም።»

ነርሷ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ሳይክሉን ይዛ ወጣች። ቁልቁለቱን ስትለቀው እንደ ውሃ ወረደ፤ መታጠፊያው ጋ ፍሬኑን ብትይዝ በምስማር የተመታ ይመስል ቀጥ አለ። ተመልሳ ይህንኑ ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ቀበቶአቸውን ታጥቀው፣ በርጩማውን ወደ ኋላው ጎማ እያስጠጉ ነው። የኋላው ፍሬን ላስቲክ ወደ ላይ ሸሽቶ ጎማውን ሊበላው ምን ቀረው አሏት።

እሷ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ምሳ አልተሠራም፤ ይዘግይ አለች በልቧ። ሽማግሌው ቁልፉን ዳዶው ላይ አግብተው ጥቂት ታገሉና ቀና አሉ።

«ነይ እስቲ» አሉ። «ይቺን ላስቲክ ያዢልኝ። አዎ፣ እንዲያ። እንዳታንቀሳቅሻት።»

ነርሷ አጠገባቸው ተንበርክካ ያዘችላቸው።