ሽምግልና በአምስት ቁጥር ዱላ

ኦቦ ሂርጳ ልጃቸውን መቲን ለፈይሳ እንደማይሰጡ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነግሩን ምክንያታቸው ሃይማኖትም ደመወዝም አልነበረም። ጎልፍ ነበር።

እኔ ገብረአማኑኤል እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት አምቦ መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ብዙ ዓይነት ሰበብ አንብቤያለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም። አብረውኝ የሄዱት ኦቦ ተሬፋ ናቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ ከመስማማት በቀር ሥራ ስላልነበረው ስሙን አላነሳም።

ጎልፍ አምቦ የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው። ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ከረጢት ሙሉ ዱላ ትቶ ሄደ፣ የላብራቶሪ ባለሙያው ፈይሳ ወረሰው። በጉደር መውጫ ያለው የኦቦ ሂርጳ ግጦሽ፣ ሣሩ ከታጨደ በኋላ ሦስት ጉድጓድ ተቆፈረበት፤ በየጉድጓዱ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ተቀበረና ሜዳ ተባለ። ኦቦ ሂርጳ መጀመሪያ አልከፋቸውም። የተማረ ሰው ኳስ ፍለጋ ሲንከራተት ማየት ያዝናናቸው ነበር።

ከዱላዎቹ ትልቁ፣ ጭንቅላቱ እንደ ቅል ያበጠው፣ ድራይቨር ይባላል። ኳሱን ከሁሉም አርቆ ይወስዳል፤ ወዴት እንደሚወስድ ግን አያማክርም። ፈይሳ ከመነሻው ሲመታበት ኳሱ ጥቂት ቀጥ ብሎ ይሄድና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በስተቀኝ ያለው የኦቦ ሂርጳ በረት ነው። ሁለት ዓመት አጥርና ጣሪያ ሲደበድብ ቆይቶ፣ በ2011 ኅዳር ላይ የምትታለበውን ላም ጎኗን መታት። ላሟ ሦስት ቀን ወተት ከለከለች። ያከመቻት መቲ ራሷ ናት፤ ሥራዋ የእንስሳት ሕክምና ነው።

መቲም ትጫወታለች። ከመነሻው ላይ ድራይቨሩን ትታ አምስት ቁጥሩን፣ አጠር ያለውን ብረት ታነሳለች። ኳሷ የፈይሳን ግማሽ ያህል ይሄዳል፣ ግን ከሜዳው አይወጣም። ደግማ መትታ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ከትታ ስትጨርስ ፈይሳ ገና በረት ውስጥ ነው። ተመልካቹ የሚያጨበጭበው ግን ለፈይሳ ነበር።

«ኦቦ ገብረአማኑኤል፣» አሉኝ ኦቦ ሂርጳ በዚያ በሁለተኛው ቀን፣ «ላሜን ሲመታ አደጋ ነው አልኩ። በማግሥቱ ያንኑ ዱላ ይዞ መጣ። የሚጎዳውን እያወቀ እጁን የማይሰበስብ ሰው ልጄን እንዴት ሊይዛት ነው?»

«ልጅነት ነው፣ ይበርድለታል፣» አሉ ኦቦ ተሬፋ።

«ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው።»

ኦቦ ተሬፋ ባርኔጣቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡ።

«እሑድ ከጸሎት መልስ ይምጣ፣» አሉ ኦቦ ሂርጳ በመጨረሻ። «እኔ እያየሁ በትንሹ ዱላ ይምታ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ማታን ሳልጠብቅ ወዲያው በባጃጅ ሄጄ ፈይሳን ተቆጣሁት። አባቱ ጓደኛዬ ስለነበር መቆጣት መብቴ ነው።

«ጋሼ፣ በትንሹ መምታት እኮ መሸነፍ ነው፣» አለኝ።

«ተሸነፍ፣» አልኩት።

እሑድ ሜዳው ዳር ሰው ሞላ። ሊያዩ የመጡት ተማሪዎች «ትልቁን፣ ትልቁን» ይላሉ። የፈይሳ እጅ ወደ ከረጢቱ ሄዶ ድራይቨሩ ላይ አረፈ፣ ቆየም። ይህን ልጅ እወደዋለሁ፤ እዚያው ሲዋረድ እንዳላይ ዓይኔን ልጨፍን ትንሽ ቀረኝ። ከዚያ እጁን አነሳና አምስት ቁጥሩን መዘዘ። ኳሱ መቶ ሠላሳ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ሄዶ ሣሩ ላይ ቆመ። ማንም አላጨበጨበም። ላሟም ቀና ብላ አላየችም።

«ኤዬ፣» አሉ ኦቦ ሂርጳ። «ገብቶታል። እኔ ተስማምቻለሁ።»

ቤት ገብተን ተቀመጥን፣ ፈይሳም ዱላውን እንደያዘ በሩ አጠገብ ቆመ። ኦቦ ተሬፋ ምርቃት ሊጀምሩ እጃቸውን ሲዘረጉ መቲ ከበረት የመጣችበትን ቦቲ ሳታወልቅ ገባች።

«አባኮ፣ አንድ ነገር ልናገር። በዚህ ዱላ ምታ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ኳሱ ለምን እንደሚታጠፍ አሳይቼዋለሁ። ላሟን እያከምኩ እንኳ ነግሬዋለሁ። ይስቅብኝ ነበር። አንተ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገርክ፣ እሱ ወዲያው ሰማህ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። ወደ ፈይሳ ዞረች። «የፈለግከው የአባቴን እሺታ ነበር፤ ይኸው አገኘህ።»

ፈይሳ ዱላውን በሩ ላይ አስደገፈው። ኦቦ ሂርጳ የጋቢያቸውን ጫፍ ያፍተለትሉ ጀመር። እኔ አፈርኩ። ሦስት ጊዜ እዚያ ቤት ስንመላለስ በሩን የምትከፍትልን እሷ ነበረች፤ አንዳችንም አንቺስ ምን ትያለሽ ብለን አልጠየቅናትም። የተዘረጋው የኦቦ ተሬፋ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ጉልበታቸው ተመለሰ።

ነገር ሲበላሽበት ሽማግሌ የሚለውን እኔም አልኩ። «እንግዲህ ሌላ ቀን እንመለሳለን።»

«ወደ ማን?» አለች መቲ።