ማራገቢያው ሁለት ላይ

ማርዴል ውሸት አይሆንላትም፤ የዋሸችው አንዴ ነው፣ እሱም በሁለት ቁጥር።

ቤታቸው ቡና የሚቆሉ የብርዳማዋ የደሉዝ ከተማ ሰዎች ጥሬ ቡና ሲሰጣጡ ከረጢቱ ላይ ካርድ ያስራሉ። የመቁያ ማሽኑ በርሜል በስንት ፍጥነት እንደሚዞር፣ ጭሱን የሚያስወጣው ማራገቢያ ስንት ላይ እንደሚሆን ይጻፍበታል። ካርድ ላይ መዋሸት ነውር ነው። ማርዴል ግን ለጎረቤቷ ለዌንደል በሰጠችው ካርድ በርሜሉን አምስት በማለት ፈንታ ሦስት፣ ማራገቢያውን ሰባት በማለት ፈንታ ሁለት ብላ ጻፈች። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። በማኅበራቸው የቅዳሜ የቅምሻ ውድድር ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ። መቁላት ያስተማራትም እሱ ነው።

በዚህ ቅዳሜ የዌንደልን ቡና የቀመሰ ሁሉ ፊቱን አጨማደደ። አመድ አመድ ይላል። ማርዴል አንደኛ ወጣች፤ ቀድሞ ያጨበጨበላት ዌንደል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዌንደል ጋራዥ ብትሄድ መቁያውን ካርቶን ውስጥ ሲያሽግ አገኘችው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ላንቺ ላመጣልሽ ነበር፤ ቀደምሽኝ።»

«እኔ'ኮ የራሴ አለኝ።»

«ያ ደግሞ መቁያ ነው እንዴ? ፈንዲሻ አፈንጂበት።» ሳቀና ወዲያው ተወው። «አፍንጫዬ ሞቷል፣ ማርዴል። ባለፈው ወር ያ ጉንፋን ከለቀቀኝ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። ቅዳሜ ለየለት።»

የሰውየውን ደስታ ነጥቃ ጭራሽ ዕቃውን ልትረከብ! ከዚህ በላይ መቻል አቃታት።

«አፍንጫህ ደህና ነው። ካርዱ ነው። ማራገቢያው ሰባት ነበር፣ ሁለት አልኩህ። እንዲያርብህ ብዬ በርሜሉንም አዘገየሁት። ቀንቼብህ ነው።»

ቢሰድባት በወደደች። ዌንደል ግን አጠገቡ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ሁለት የሚለውን ሳይ ገርሞኝ ነበር» አለ። «የማርዴል ካርድ ነው ብዬ ተውኩት። ስቆላው ሚስቴ ከወጥ ቤት እያሳለች ሮጣ መጣች፤ ቤቱ የተቃጠለ መስሏት። እኔ መቁያው ላይ አጎንብሼ እያሸተትኩ ነበርኩ።»

«ዌንደል፣ እኔ...»

«አፍንጫ ያለው ሰው ካርዱን ማንም ይስጠው ማን፣ ማረር ሲጀምር እጁ ራሱ ማራገቢያውን ይከፍተዋል። እኔን ምንም አልሸተተኝም።»

ማርዴል እውነቱን ብትነግረው ከሐዘኑ የሚድን መስሏት ነበር።

ዌንደል ተነስቶ ካርቶኑን ዘጋው። «በይ በዚያ በኩል ያዢልኝ፣ ብቻዬን አልችለውም።»

እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች ያዘችለት። መንገዱን ተሻግረው እስከ ደጇ ድረስ፣ እሱ የኋሊት እየሄደ፣ «ቀስ በይ፣ በረዶው ያንሸራትታል» እያለ ያስጠነቅቃት ነበር።