የሙሀመድኑር ወይን

«ጉበቱን የበላው መጠጥ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» አለ አብዱልፈታህ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት።

ወንዶቹ የተቀመጡበትን ድንኳን ከቤቱ የሚለየው አንድ ሸራ ብቻ ነበርና ነገሩ ሴቶቹ ጋ ጥርት ብሎ ተሰማ። ዓፊያ በእጇ የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ ከሳህኑ ጋር አጋጨችው። ሳህኑ ለሁለት ተሰነጠቀ።

የወንድሟ የሙሀመድኑር ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከከሚሴም ከጨፋም ዘመድ አዝማዱ መጥቶ ፍራሽ ሞልቷል። የሚያጽናናው ጥቂት፣ የሚንሾካሾከው ብዙ ነው። አብዱልፈታህ ደግሞ የአጎታቸው ልጅ፣ የቤተሰቡ ታላቅ ነኝ ባይ ነው፤ ከቀብሩ ሲመለሱ የጀመረውን ወሬ እስካሁን አልጨረሰውም።

«ተይው በአላህ» አለች ጎረቤቷ ዙቤይዳ፣ ክንዷን ይዛ። «ሂን ቦኢን፣ አታልቅሺ። ሶብር አድርጊ።»

«አላለቀስኩም። ማን አለቀሰ?»

እውነቷን ነው፤ በሦስቱ ቀን አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም። ዙቤይዳ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ግን እንዲያው ለእኔ ንገሪኝ፤ ይጠጣ ነበር እንዴ?» አለቻት።

ዓፊያ ክንዷን መንጭቃ ተነሳች።

ሙሀመድኑር በሃያ ሦስት ዓመቱ በጭነት መኪና ጅቡቲ ገባ፤ ከጅቡቲ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ፈረንሳይ ወረደ፤ ወይን እርሻ ላይ እየሠራ እዚያው ቀረ። የዛሬ ሁለት ዓመት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ተመለሰ። የደሴው ሐኪም «ቫይረስ ነው፤ ጉበቱን ቀስ እያለ ጨርሶታል» አላቸው። ከዚያ በኋላ ዓፊያ አስታመመችው። ከሰዓት በኋላ ከግቢው ዋንዛ ሥር ወንበር ታወጣለታለች፤ እሱም ስለኖረበት አገር ያወራላታል።

«ሮን የሚባል ወንዝ አለ» ይላታል። «ቦርከናን አሥር እጥፍ አድርገሽ አስቢው። ከወንዙ ወዲያና ወዲህ ወይን ነው። መሬቱ ግን አፈር የለውም ብትይ ይቀላል፤ ድቡልቡል ድንጋይ ብቻ። ቀን ፀሐይ ስትመታው ይውላል፣ ሲመሽ ሙቀቱን ለወይኑ ይመልስለታል። ከሰሜን ደግሞ ነፋስ ይመጣል፤ ሲጀምር ሳምንት አያቆምም፣ ሰው ይጥላል። ግን ዝናብ በጣለ ማግስት ፍሬውን የሚያደርቀው፣ ከሻጋታ የሚያድነው እሱ ነው።»

በዚያ አገር ቀዩን ወይን ከአንድ ዘር አያወጡትም። ይቀላቅሉታል። ግሬናሽ የሚሉት ሞቅ ያለ፣ ጣፋጭ፣ ለሁሉ ገር ነው፤ ብቻውን ከሆነ ግን ቶሎ ይደክማል። ሲራህ ጥቁር ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው፣ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚሸተው እሱ ነው። ሦስተኛው ሙርቬድር ነው። ከሁሉ ዘግይቶ ይበስላል፣ በልጅነቱ አፍ ያስራል፣ ዓመታት ሲያልፉ ግን ሁለቱን ደግፎ የሚያቆማቸው እሱ ነው።

«አንዱ ሙቀት፣ አንዱ ቀለም፣ አንዱ ዕድሜ» ይላታል ሙሀመድኑር ሦስት ጣቱን እያጠፈ። «እኔ በአፌ አላደረግኩትም፣ ወላሂ። ሽታው ግን አያመልጠኝም። አንድ ቀን ‹ይሄ በርሜል እየተበላሸ ነው› ብዬ ለባለእርሻዋ ነገርኳት። አሮጊቷ አልሰማችኝም፤ በወሩ ሆምጣጤ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከየትኛው ስንት ይግባ ሲባል ሳያስሸቱኝ አይቀላቅሉም ነበር። የእማዬ አፍንጫ ነው። እህል ከጉድጓድ ሲወጣ አሽታ ‹ይሄ ለዘር፣ ይሄ ለዱቄት› ትል የለ?»

ዓፊያን የሚያንገበግባት ይኼው ነበር። የእናቷን ስም ከወይን ጋር ሲያነሳው ደሟ ይፈላል። እናታቸው የዛሬ ስድስት ዓመት በመስከረም ስትሞት ዓፊያ ደውላ «ድረስ» ብላዋለች። እሱም «መኸር ነው፤ ወይኑ ሊለቀም ነው፤ አልችልም» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እናታቸውን ያለ ወንድ ልጅ ቀበሯት።

«ስትሞት የት ነበርክ?» ትለዋለች ዋንዛው ሥር።

«መኸር ነበር።»

«ለወይን ጊዜ ነበረህ፤ ለእናትህ አልነበረህም!»

 ሁለት ዓመት ሙሉ ጠየቀችው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ «መኸር ነበር» አላት። በመጨረሻው ሳምንት እጇን ይዞ «ዓፊያ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ቢላት፣ «ለእናቴ ንገራት» ብላው ወጣች። ሌላ ቀን አላነሳላትም።

ከበሩ ባጃጅ ቆመ። አንድ ረጅም፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ጫማውን አውልቆ ድንኳን ገባ። «ረቢ ሶብሪ ኢሲኒፍ ሃ ኬኑ፤ አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» አለ። «ኑርሁሴን እባላለሁ፤ ከባቲ ነው የመጣሁት። ሞቱን የሰማሁት ትናንት ነው።»

«ከሙሀመድኑር ጋር የት ትተዋወቃላችሁ?» አለ አብዱልፈታህ።

«ፈረንሳይ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ እርሻ ላይ ሠርተናል።»

«እንግዲያ አብራችሁ ስትጠጡ ነበራ!»

ከጥግ በኩል አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዓፊያ ሸራውን ገልጣ ወንዶቹ መሐል ቆመች። ዕድሜ ልኳን አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው ጣቷን ቀሰረችበት።

«አንተ! ውጣ ከቤቴ!»

«ዓፊያ፣ ሥርዓት ያዢ። እኔ ያልኩት የዲኑን ነው። የጠጣው ብቻ አይደለም፤ የጨመቀውም የተሸከመውም ተረግሟል።»

«አውቃለሁ! ይህን ለእሱም እኔው ነግሬዋለሁ። ግንባሩ መስገጃው ላይ እንደተደፋ ሲያለቅስ ያየሁት እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም። የሠራው ሥራ በእሱና በጌታው መካከል ነው። ያልጠጣውን ጠጣ የምትለው ግን በእኔና በአንተ መካከል ነው! ሁለት ዓመት ሲታመም ይህን ደጃፍ ስንቴ ረገጥክ? እኔም እጣላዋለሁ፤ ለእናቱ ቀብር አልመጣም፣ እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም። ግን እኔ ልጣላው እንጂ አንተ ምን ቤት ነህ?»

 ኑርሁሴን ቀና ብሎ አያት።

«እህቴ፣ ለቀብሩ ያልመጣው ለምን እንደሆነ አልነገረሽም?»

«መኸር ነበር።»

«መኸርማ ነበር። ግን የመኖሪያ ወረቀት አልነበረንም። ከአገሩ ከወጣን መመለሻ የለንም፤ በየኬላው ይይዙናል። ለእናቱ ግን ‹ወረቀት አግኝቻለሁ› ብሏት ነበር፣ እንዳታስብ። ያን ቀን ከእኛው ጋር ከሚለቅሙ ሦስት ሞሮኮዎች ጋር ወይኑ መሐል ቆመን፣ በሩቁ ሶላተል ጀናዛ፣ የሬሳ ሶላት ሰገድንላት። ነፋሱ መስገጃውን እየነጠቀ አስቸገረን፤ በአራት ድንጋይ አስያዝነው። ‹ለእህትህ እውነቱን ንገራት› ብለው እምቢ አለ።»

«ለምን?»

«‹ትቆጣኝ› አለ። ‹ከምታዝንልኝ ብትቆጣኝ ይሻላል።›»

 የዓፊያ ንዴት እንደ አዲስ ገነፈለ፤ አሁን ግን ወዴት እንደምትወረውረው አላወቀችም።

«ሁለት ዓመት!» አለች። «ሁለት ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ! ስለ ድንጋዩ ነገረኝ፣ ስለ ነፋሱ ነገረኝ፣ ይህችን አንዲት ቃል... ምን አለበት! እኔስ ብሰማው ምን ነበረበት!»

አብዱልፈታህ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አስተግፊሩላህ... እንግዲህ ዱዓ እናድርግለት።»

«አንተ አታደርግለትም!» አለችው። «ሌላ ሰው ያድርግለት።»

አብዱልፈታህ ከአንዱ ወደ አንዱ አየ። ማንም አላገዘውም። ጫማውን ፈልጎ ወጣ። ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓውን ጀመሩ፤ ሰዉም «አሚን» እያለ ተከተላቸው።

ዱዓው ሲያልቅ ምሳ ቀረበ። ዓፊያ የእጅ ማስታጠቢያውን ከሚያስታጥበው ሰው ተቀብላ ኑርሁሴን ፊት በርከክ አለች። እጁን ዘረጋ። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል የወይን መቀስ ያደነደነው ጠባሳ አለ፤ የሙሀመድኑር ሬሳ ከመገነዙ በፊት ይዛው በነበረው እጁ ላይም ያው ጠባሳ፣ እዚያው ቦታ ነበር። ውሃውን አፈሰሰችለት። ታጥቦ ጨረሰ፤ እሷ ግን የወንድሟን እጅ የምታጥብ ይመስል ማንቆርቆሪያውን አላቀናችውም። ኑርሁሴንም የገባው ይመስላል፣ እጁን አልሰበሰበም። ውሃው እስኪያልቅ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ መዳፉን ዘርግቶላት ቆየ።