ኦቨኑ ውስጥ የነበረው

በቀለም ፋብሪካው ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነበር። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ «ውጡልኝ» ነው የሚለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የደኅንነት ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ፣ የእሳት ልምምድ በመጣ ቁጥር ፊሽካውን እየነፋ «ውጡልኝ! ውጡልኝ!» ብሎ በየክፍሉ ስለሚሮጥ የወጣለት ስም ነው። አንድ ጊዜ ዋና ሥራ አስኪያጁን በአንድ እግር ጫማ ግቢ ድረስ አስወጥቶታል። ሰውየው «ስልክ ላይ ነኝ እኮ!» ቢለው፣ «እሳት ስልክ እስክትጨርስ አይጠብቅም» ብሎ በሩን ከፍቶ ቆመ። የፋብሪካውን ሰማንያ አራት የእሳት ማጥፊያዎች አንድ በአንድ የሚመረምረው፣ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ የሚፈርመውም ራሱ ነበር።

ሚስቱ የሞተችው አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው፤ በምትሠራበት ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች። «ራሴን ወጋኝ» ብላ ጠረጴዛው ላይ ደፋ አለች። በዚያው ቀረች። ልጅ አልነበራቸውም። እሱ መደረግ ያለበትን ሁሉ አደረገ። የሆስፒታሉን ወረቀት ፈረመ፣ የመጣውን ሰው ተቀበለ፣ የሚሄደውን ሸኘ፣ በሳምንቱ ሥራ ገባ። ሰው ፊትም ሆነ ብቻውን አንድም ቀን አላለቀሰም። «እንዴት ያለ ጠንካራ ሰው ነው» ተባለለት።

ጥንካሬ እንዳልሆነ ግን ያውቅ ነበር። ብዙ ሰዓት የተቀመጡበት እግር ደንዝዞ ሲቆነጥጡት የሌላ ሰው እግር ይመስል የለ? እሱ እንደዚያ የሆነው ሁለመናው ነው። ሰው ሲያወራው ድምፁ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስለዋል። ማታ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቆሞ ይበላል፣ ሳህኑን ያጥባል፣ ይተኛል። እንቅልፉም ደህና ነበር። ይህ ራሱ ትንሽ ያስገርመው ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት የሚስቱ ታናሽ እህት ደወለችለት። ነርስ ነች፤ ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ልትመጣ ነው።

«ጋሼ፣ ምሳ ይዤልህ እየመጣሁ ነው። ዶሮ በድንች። እስክደርስ ኦቨኑን አሙቅልኝ።»

«እንዴት ነው የሚሞቀው?»

«የቀኙን ቁልፍ ሁለት መቶ ላይ አዙረው፣ በቃ። ወይ ጉድ! ፋብሪካ የሚጠብቅ ሰውዬ!»

ማድቤቷ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታሳልፍ ጠባብ ናት። ገባ፣ የቀኙን ቁልፍ ሁለት መቶ ላይ አዞረው። ትንሽ ቀይ መብራት በራች። በሃያ ሦስት ዓመት ትዳር ኦቨን ሲያበራ የመጀመሪያው ነበር። ወደ ሳሎን ተመልሶ ሶፋው ላይ ተቀመጠና የጠፋውን ቴሌቪዥን ማየት ጀመረ።

ሽታው ቀስ ብሎ መጣ። ለአዲስ ሠራተኞች ሁልጊዜ የሚያስተምረው ነገር ነው፤ የሚቃጠል ሽቦ፣ የሚቃጠል ጎማ፣ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታቸው ይለያያል። ይሄኛው ፕላስቲክ ነበር። «አንዱ ፕላስቲክ እያቃጠለ ነው» ብሎ አሰበ። ጭሱ በሳሎኑ ጣሪያ ላይ እንደ ስስ ብርድ ልብስ ሲዘረጋ አየው። ያኔም ወዲያው አልተነሳም። ሲነሳም የሮጠ ሰው አልነበረም።

በኦቨኑ መስታወት ውስጥ ብርቱካንማ ነበልባል ይታያል፤ ከላይ ደግሞ አንዳች ነገር እየቀለጠ ጠብ ጠብ ይላል። ምን ማድረግ እንዳለበት በቃሉ ያውቀዋል፤ ለስንት መቶ ሰው ነግሮታል። ኤሌክትሪኩን ቆጣሪው ላይ ታጠፋለህ። ኦቨኑን በፍጹም አትከፍትም፤ አየር ካላገኘ እሳቱ ታፍኖ ይሞታል። የማድቤቱን በር ዘግተህ ትወጣለህ፣ ትደውላለህ።

እሱ ኦቨኑን ከፈተው።

ነበልባሉ እንደታሰረ ነገር ዘልሎ ወጣ። ቅንድቡን ላሰው፣ እጀታው ላይ የተንጠለጠለውን ፎጣ ያዘ፣ ከፎጣው ወደ መጋረጃው ተሻገረ። ወደ ኋላ አለና ከመውጫው በር ጀርባ፣ ከጃንጥላዎቹ ሥር የተቀመጠውን የእሳት ማጥፊያ አነሳ። ፒኑን ነቀለ፣ አነጣጠረ፣ ጨመቀ። ሲሊንደሩ እንደ ድመት አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ። አንገቱ ላይ ያለውን ካርድ አገላብጦ አየው። የመጨረሻው ምርመራ የዛሬ አራት ዓመት ነበር። ፊርማው የራሱ ነው።

ካርዱን እንደያዘ፣ ጭሱ መሀል፣ ቆሞ ቀረ። ምን ያህል እንደቆመ አያውቅም።

ያወጣችው ከታች ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ነች። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች፣ በሻርፕ አፍንጫዋን ይዛ ያልተቆለፈውን በር ገፍታ ገባችና እጅጌውን ጨበጠችው።

«ጋሼ! ምን ሆነው ነው? ይውጡ እንጂ!»

«ኦቨን እያሞቅኩ ነበር» አላት።

«ሞቋል! ሞቋል! ይውጡ!»

እየጎተተች ደረጃውን አስወረደችው። የእሳት አደጋም የደወለችው እሷ ነበረች፤ መጋረጃው ሲነድ ከውጭ በመስኮቱ አይታ። መንገድ ዳር ሲቆም ካልሲ ብቻ አድርጎ ነበር፤ አንደኛው ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። የሕንፃው ሰው ሁሉ ወጥቶ አንዴ እሱን፣ አንዴ መስኮቱን ያያል። ፊት ለፊት ያለው ዳቦ ቤት ሻጭ ሳይቀር ሚዛኑን ትቶ ወጥቷል።

መኪናው እየጮኸ ደረሰ። የቡድኑ መሪ ትልቅ ፂም ያለው፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ነው፤ በየዓመቱ ለልምምድ ፋብሪካው ድረስ ይመጣል፣ ከልምምዱ በኋላም ክበቡ ውስጥ አብረው ምሳ ይበላሉ። ከመኪናው ዘሎ እንደወረደ አየውና ፊቱ በራ።

«ውጡልኝ! አንተ ደግሞ ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ቤቴ ነው።»

«የቱ?»

«የሚጨሰው።»

መሪው ሊስቅ አፉን ከፈተና ቅንድቡ የነበረበትን ቦታ አይቶ መልሶ ገጠመው። ሰዎቹን አስከትሎ ወደ ላይ ሮጠ።

ማፈር እንዳለበት ያውቅ ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። ሰኞ ወሬው ፋብሪካው በር ላይ ቀድሞት እንደሚጠብቀው፣ ቀለም ቀላቃዮቹ አንድ ወር እንደሚስቁበት አሰበ። ፊቱ እንዲግል ጠበቀ። አልጋለም። ልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሩ ሥር ስታደርግለት እንደታዘዘ ልጅ ተጫማት። ግማሽ ተረከዙ ውጭ ቀረ።

እሳቱ በስድስት ደቂቃ ጠፋ። ማድቤቷ ጠቆረች እንጂ ሌላ ክፍል አልተነካም። የቡድኑ መሪ ሄልሜቱን አውልቆ ወረደና ደረጃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠ። ጉልበቱ ላይ ቅጽ ዘረጋ።

«ግዴታ ሆኖብኝ ነው» አለ። «መነሻው ኦቨን። ኦቨኑ ውስጥ ምን ነበር?»

«አላውቅም።»

«ባዶ አልነበረም። ይሄን የሚያህል የቀለጠ ነገር ነው ያገኘነው።» በእጁ ትልቅ ዳቦ የሚያህል አሳየው። «ምንድነው ብዬ ልጻፍ?»

«እኔ አላውቅም። ባለቤቴ ነች የምታውቀው።»

«ጥሩ፣ እሷን እንጠይቃት። የት ነች?»

«የለችም።»

«ስንት ሰዓት ትመጣለች?»

ልብስ ሰፊዋ ለመሪው በዓይኗ ምልክት ልትሰጠው ሞከረች፤ እሱ ግን ቅጹን ነበር የሚያየው።

«ሞታለች» አለ በመጨረሻ። «አምስት ሳምንቷ ነው።»

ቃሉን ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር። እስከዚያ ቀን ሌሎች ናቸው የሚናገሩለት፤ እሱ ራሱን ብቻ ይነቀንቅ ነበር። መሪው እስክሪብቶውን አወረደ። «አልሰማሁም፣ ወንድሜ» አለ። «በእውነት አልሰማሁም።» ከዚያ የቃጠሎው ምክንያት በሚለው ቦታ አንድ መስመር ጻፈና ቅጹን ሊያጥፍ ሲል ውጡልኝ እጁን ያዘው።

«ኦቨኑን ከፈትኩት። ያንን ጻፍ።»

«ምን ያደርጋል? ይለፍ።»

«እየነደደ እያየሁ ከፈትኩት። ማጥፊያው ደግሞ አራት ዓመት አልተመረመረም። መርማሪው እኔ ነኝ። ጻፈው።»

መሪው ፂሙን አሸት አሸት አደረገና ጻፈው።

የሚስቱ እህት የእሳት አደጋ መኪናውን ከመንገዱ ማዶ እንዳየች ድስቱን በሁለት እጇ እንዳቀፈች ሮጠች። እሱ ደህና መሆኑን ዳብሳ ካረጋገጠች በኋላ ድስቱን ለልብስ ሰፊዋ አስይዛ ወደ ላይ ወጣች። ተከትሏት ወጣ። ኦቨኑ በሩ ተገንጥሎ አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ከመደርደሪያ ሽቦው ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ ፕላስቲክ ተጋግሮ ተንጠልጥሏል። እሷ አየችውና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ክዳኖቿ!» አለች። «እኔ ድንጋዩ! እኔ ነኝ አሙቅ ያልኩህ! ክዳኑን፣ ፌስታሉን፣ የትርፍ ምግብ ዕቃውን ሁሉ እዚህ ነበር እኮ የምታስቀምጠው። ልትጋግር ስትል ታወጣዋለች፣ ስትጨርስ ትመልሰዋለች።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«ሳሎን።»

«መደርደሪያ ጠይቃኝ ነበር እንዴ?» አላት።

«አንዴ ጠይቃሃለች መሰለኝ። ‹ቅዳሜ እሠራልሻለሁ› ብለሃታል። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልነገርካትም።» ይሄን ብላ መሳቅ ጀመረች፣ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። እርጥቡ ወለል ላይ ቁጢጥ ብላ አለቀሰች። እሱ አጠገቧ ቆሞ ትከሻዋን ያዘ። ሌላ ምን እንደሚደረግ አያውቅም ነበር።

ምሳውን ደረጃው ላይ ተቀምጠው በሉ፣ ቀዝቅዞ፣ በልብስ ሰፊዋ ማንኪያ። ልብስ ሰፊዋም አብራ በላች።

«ጨው አንሶታል?» አለች እህቲቱ።

«አላውቅም።»

«ቅመስ እንጂ።»

«እየበላሁ ነው። አይታወቀኝም።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። በሥራዋ በሽተኛ የምታይበት አስተያየት ነበር ያየችው። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞው።»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«ምን ብዬ? ምንም አይሰማኝም ብዬ? የእህትሽ ሞት አልተሰማኝም ብዬ?»

«ሰው እንደዚያም ይሆናል፣ ጋሼ» አለች። «ዎርድ ውስጥ በየቀኑ አያለሁ። እኔ በአውቶቡስ ውስጥ አለቅሳለሁ፣ አንተ ደግሞ እንዲህ ሆንክ።» የድንቹን ትልቁን ቁራጭ ወደ እሱ ገፋችው። «አሁን ብላ። ማድቤቱ እስኪጸዳ ደግሞ እኔ ቤት ነህ። ክርክር የለም።»

አልተከራከረም።

ሰኞ ጠዋት ወሬው እንደጠረጠረው ቀድሞት ገብቶ ነበር። በረኛው ሰላምታ ሲሰጠው ዓይኑን ከቅንድቡ ላይ መንቀል አቃተው። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ የሆነውን ራሱ ነገረው፤ ከፈለጉ ሌላ ሰው ይተኩ ብሎ። ሥራ አስኪያጁ «ሦስት ሰዓት ላይ ሥልጠና አለህ አይደል? ሂድ አሠልጥን» አለው።

ሃያ ስድስት ሠራተኞች ተቀምጠዋል። ሌላ ጊዜ ከፋብሪካ ቃጠሎ ፎቶ ነበር የሚጀምረው። የዚያን ቀን ፎቶውን ትቶ ቅዳሜን ነገራቸው፤ ኦቨኑን፣ ያስነጠሰውን ማጥፊያ፣ የተቀደደውን ካልሲ፣ የሴት ነጠላ ጫማውን። መጀመሪያ ተፋፍረው አንገታቸውን ደፉ። ‹ሞቋል ይውጡ› ላይ ሲደርስ አንዱ ፈነዳና ሁሉም ተከተሉት። እሱ እስኪጨርሱ ጠበቀ። አልከፋውም፣ አልቀለለውም።

ከቆርቆሮ ሙሌት ክፍል የመጣች፣ ጡረታዋ የደረሰ ሴትዮ ብቻ አልሳቀችም። እጇን አወጣች።

«እንዳይከፈት እያወቅክ ለምን ከፈትከው?»

መልስ ሊሰጣት ወደ ወረቀቱ አየ፣ ወረቀቱ ላይ የለም።

«የእሷ ዕቃ ነበራ የሚቃጠለው» አለ። «ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ላወጣው ነበር መሰለኝ።»

ድምፁ መጨረሻው ላይ ተሰነጠቀ። ሴትዮዋ ተነሥታ ከጥግ ካለው ማጣሪያ በብርጭቆ ውሃ ቀዳችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት፤ ምንም ሳትናገር ተመልሳ ተቀመጠች። ውሃውን እስከ ታች ጠጣው። ቀዝቃዛ ነበር፤ ጉሮሮው ላይ ሲወርድ ታወቀው።

«በሉ» አለ፣ ወረቀቱን እየገለጠ። «ሁለተኛው ስህተት ማጥፊያው ላይ ነው፤ ካርዱን የፈረመው ማን ነው?» እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አስተማረ።