ሮሆቦት በር የሆነችበት ክፍል

ታቢታ አዲስ ከተማ ውስጥ ስንቱን ልጅ እንግሊዝኛ ማንበብ አስተምራለች። የገዛ ልጇ ሮሆቦት ግን እናቷ ፊት መጽሐፍ ሲገለጥ ምላሷ ይታሰራል። በትምህርት ቤታቸው ደንብ የመምህር ልጅ ወላጇ ክፍል አትማርም፤ ስለዚህ ዘንድሮ ሮሆቦት የደረሰችው ለአዲሷ መምህርት ለፌቨን ነው።

አንድ ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ ባጃጅ ውስጥ ድንገት ማስተማር ጀመረች።

«እማዬ፣ የእንግሊዝኛው ‹ሂ› ክፍት ቤት ነው፤ ድምፁ እንደ ልቡ ይወጣል። መጨረሻው ላይ ‹ኤን› የሚባለው ፊደል በር ሆኖ ሲቆም ግን ይዘጋና ‹ሄን› ይሆናል። ዶሮ ማለት ነው!»

«ይሄንን እኔም ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«አንቺ ስትነግሪኝ አይገባኝም። ሚስ ፌቨን ናት የምታውቀው።»

የሰፈራቸው ባለ ባጃጅ ዩኑስ ሳቀ። «ቲቸር፣ ተቀደሙ እኮ!»

ታቢታ አልሳቀችም። ልጇ ማንበቧ ሊያስደስታት ሲገባ፣ ሌላ ሴት ሳታስፈቅዳት የልጇን ፀጉር ሹሩባ ሠርታ የላከችባት ያህል ከነከናት።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች።

«ሮሆቦት ወደ እኔ ክፍል ትዛወርልኝ።»

«ደንቡስ?» አሉ አቶ ክብሩ።

«እናቷ ነኝ።»

አቶ ክብሩ ግንባራቸውን አሹ። «በይ እንግዲህ፣ ውሰጃት።»

የፌቨንን ክፍል በር ገፋ ስታደርግ ሦስት ልጆች ካርቶን ላይ የተጻፈ ፊደል ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ፊት ለፊት ቆመዋል። የመጨረሻዋ ሮሆቦት ናት፤ እጆቿን እንደ በር ዘርግታለች። «ዝጊው! ዝጊው!» ይላል ክፍሉ። ሮሆቦት አፏን ስትከፍት እናቷን አየች። እጆቿ ወረዱ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ታቢታ ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የምታየው ይህንኑ ነው።

«ሚስ ታቢታ፣ ምን ልታዘዝ?» አለች ፌቨን።

«ቾክ... ቾክ ልበደር ብዬ ነው።»

ፌቨን እፍኝ ሙሉ ሰጠቻት። ደግነቷ ራሱ አናደዳት።

ወጥታ በሩን ዘጋችና ከመስኮቱ ፈንጠር ብላ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች። ልጆቹ እንደገና ጮኹ። ከዚያ ሮሆቦት፣ እናቷ ሰምታው በማታውቀው ጉልበት፣ «ሄን!» አለች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ታቢታ አቶ ክብሩ ዘንድ ተመልሳ «እዚያው ትቆይ» አለች። በሻይ ሰዓት ግን ፌቨን አጠገቧ ያለውን ወንበር ስትስብላት፣ እንዳላየች ሆና ሌላ ጠረጴዛ ፈለገች።